ሽጉጥ ልገዛ የተነሣሁ ጊዜ

ሌባው ዊግ ይዞ ነው የሄደው። ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ፤ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው መንገድ ላይ የፀጉር ዕቃ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ዊግ፣ ለሹሩባ የሚቀጠል ፀጉር፣ ቅባት፣ ማበጠሪያ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የጃማይካ ሴቶች ናቸው፤ ከስማቸው ይልቅ የፀጉራቸውን ዓይነት ነው የማውቀው። በዚያን ጊዜ የከተማው ባቡር ሥራ መንገዱን ቆፋፍሮ በሱቄ ፊት ረጅም አጥር ስለገተረ፣ ከውጭ ያለው ሰው እኔን አያየኝም፣ እኔም እሱን አላየውም። የኮሮናው ነገር ገና ስላልለቀቀን ደግሞ የሚገባው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነው። ሌባና ደንበኛ የማይለይበት ጊዜ ነበር።

ሰውየው ከሰዓት በኋላ ገብቶ ዊጎቹን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ከጃኬቱ ሥር ሽጉጥ አውጥቶ መሳቢያውን ክፈቺ አለኝ። ከፈትኩ። የነበረችውን ጠራርጎ ወሰደ። ሊወጣ ሲል ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ ተመለሰና ከማሳያው ላይ ቢጫውን ዊግ አነሣ። መቼም አፌ አያርፍም፤ «እሱ እኮ አርቲፊሻል ነው፤ ሂውማን ሄሩ ከጎኑ ያለው ነው» አልኩት። ቆም ብሎ አየኝ። ቢጫውን መልሶ አስቀመጠና የነገርኩትን፣ ከእውነተኛ የሰው ፀጉር የተሠራውን ውዱን፣ አንሥቶ «ታንክ ዩ» ብሎኝ ወጣ። ኋላ የመጣው ፖሊስ ይህን ስነግረው መጻፉን አቁሞ ቀና ብሎ ተመለከተኝ።

እንደሌላው ሰው እንቅልፍ አልነሣኝም። እኔን የያዘኝ ንዴት ነው። በሩን ቆልፌ ደወል አስገጠምኩ፤ የሚደውለውን በመስታወት አይቼ ነው የምከፍተው። ለማን እንደምከፍት፣ ለማን እንደማልከፍት ራሴም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ኮፍያውን የደፋ ረጅም ሰውዬ ደወለ፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል፤ አልከፈትኩለትም። ደግሞ ደወለ፤ ዝም አልኩት፤ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ከሚስቱ ጋር ተመለሰ። ሚስቱ ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ የማውቃት ደንበኛዬ ነች፤ ቅባት እንዲገዛላት ልካው ኖሯል።

«ባሌን ፈራሽው?» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ቅባቱን እንዲሁ ውሰጂው አልኳት፤ ባንኮኒው ላይ ትታው ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሱቄን አልረገጠችም። በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ደንበኞቼም ቀሩ። ያኔ ነው የቆረጥኩት። እንዲህ እየፈራሁ የምሸጥ ከሆነ ሱቁን መዝጋት ይሻለኛል፤ ሱቁ ደግሞ እንጀራችን ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን የሚያወጣልኝ ነገር መግዛት አለብኝ አልኩ። ሌባው ሽጉጥ ካለው እኔስ ለምን አይኖረኝም?

እንጀራችን ያልኩት የእኔንና የባለቤቴን ነው። ልጃችን ለሥራ ሩቅ ከተማ ካልጋሪ ከሄደች ወዲህ ኢስት ዮርክ ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። ባለቤቴ ዕድሜውን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ በአንዲት ጎጆ ቁጭ ብሎ መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖረ። አንድ ቀን በጎጆዋ ፋንታ ማሽን ተተከለና እሱ ቤት ገባ። ያ ከሆነ ዓመት አልፎ ነበር። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ያያል። ሰው ስለሱ ሲጠይቀኝ «ዕረፍት ላይ ነው» እላለሁ። ስንት ክረምት በዚያች ጎጆ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ስለኖረ፣ ይረፍ፣ ይገባዋል ባይ ነበርኩ።

«ሽጉጥ ልገዛ ነው» ስለው «አንቺ?» ብሎ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። ልጃችን በስልክ «ማም፣ አር ዩ ሲሪየስ?» አለችኝ። ሲሪየስ ነበርኩ።

እዚህ አገር ሽጉጥ ማለት ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ ኮርስ ይወሰዳል፤ ከዚያ ፈተና፤ ከዚያ ፈቃድ። ቅዳሜና እሑድ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከአዳኞችና ዒላማ ከሚተኩሱ ወጣቶች መሀል ተቀምጬ ተማርኩ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ጠመንጃ ፈትቼ የምገጥም መሰላቸው። እኔ ሽጉጥ በቅርብ ያየሁት አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ውስጥ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛው ላይ ከማኅተሙ ጎን ያስቀምጠው ነበር። ከሁለቱ ይበልጥ የምፈራው ማኅተሙን ነበር።

አስተማሪው ሽማግሌ ሰው ነው፤ ቁጡ አይደለም። አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ፤ ጣታችሁን ቃታው ላይ አታሳርፉ፤ ባዶ ነው ቢሏችሁ አትመኑ፣ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ፤ ይህንን ሲደጋግምልን ዋለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከስንት ዘመን በኋላ ደብተር ይዞ መቀመጥ፣ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ደስ ይላል። ፈተናውን ሳልፍ ውጤቱን ለባለቤቴ አሳየሁት። «ጎበዝ» አለኝ። አንገቴን አቅፎ ግንባሬን ሳመኝና ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ምን እንደምገዛ ለማየት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የጦር መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ቦርጫም፣ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ነጋዴ ነጋዴን ያውቃልና ወዲያው ተግባባን። መስታወቱ ሥር ሽጉጦቹ ተደርድረዋል።

«በእጅ ቦርሳ የምትገባ ትንሽዬ አለህ?» አልኩት።

«አፈሙዛቸው ያጠረ ትናንሾቹ ክልክል ናቸው» አለኝ። «ለምንድን ነው የፈለግሽው?»

«ራሴን ለመከላከል።»

እጁን ከመስታወቱ ላይ አነሣ። ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። ራሴን ልከላከል ነው ለሚል ሰው ሽጉጥ አይሸጥም። ሽጉጥ ለዒላማ ስፖርት ነው፤ የተኩስ ክለብ አባል መሆን አለብኝ፤ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ቤት ይቀመጣል፤ የሚወጣውም ወደ ክለቡ ለመሄድ ብቻ ነው። ሱቅ ይዤው ብገኝ ወንጀለኛዋ እኔ ነኝ፤ ሌባው አይደለም።

«ታዲያ ሌባ ሲመጣ ምን ላድርግ? ክለብ ድረስ ልጋብዘው?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር የጠየቅሁት።

ያም ሆኖ ከመጣሁ አይቀር ልየው አልኩ። ፈቃድ ስለሌለኝ አጠገቤ ቆሞ አንድ በአንድ አስያዘኝ። የመጀመሪያው ጠቆር ያለና ጠፍጣፋ ነበር፤ ሲይዙት ያምራል፤ ላቀባብለው ስል ግን ላይኛው ብረት አልሳብ አለኝ። ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ስንት ዘመን ሹሩባ የሠራ አውራ ጣት ለዚህ አይሆንም። «አትጎትቺው፤ አንዱን እጅሽን ወደ ኋላ፣ ሌላውን ወደ ፊት ግፊ» አለኝ። ገፋሁ፤ ተቀባበለ፤ ግን ጣቴን እስከ ክርኔ አመመኝ። ሁለተኛው ጥይቱ በሚሽከረከር ክብ ብረት ውስጥ የሚገባው ነው። እሱ ማቀባበል አይፈልግም፤ ቃታው ግን ጠጣር ነው፤ ደግሞ ይከብዳል። እኔ ትንሽ ሽጉጥ ለሴት ይቀላል ብዬ ነበር የማስበው፤ ሻጩ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው አለኝ፤ ትንሹ ሲተኮስ ይራገጣል፣ ከበድ ያለው ይረጋል። ሦስተኛው አፈሙዙ ረዘም ያለ፣ ጥይቱ ቀጭን፣ እንደ ልብ የሚቀባበል ነበር። ጫማ ሲለካ ልክ የሆነው እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ገና ስይዘው አወቅሁት።

«ይኸኛው» አልኩት።

«ለዒላማ ጥሩ መርጠሻል» አለኝ፤ ለዒላማ የሚለውን ረገጥ አድርጎ። መንግሥት የሽጉጥ ሽያጭ ሊያቆም ነው የሚባልበት ወር ስለነበር፣ ከልቤ ከሆነ ፈቃዱን ቶሎ ባወጣ እንደሚሻል ነገረኝ።

ወደ ቤት ስነዳ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ሱቅ የማልወስደው፣ ቁልፍ ውስጥ የሚያድር ሽጉጥ ምን ያደርግልኛል? ምንም። ግን ቤት ውስጥ እንዳለኝ ካወቅሁ፣ ባንኮኒዬ ኋላ ቀና ብዬ እቆማለሁ፤ ለሰውም በሬን እከፍታለሁ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው የፈለገው ነገር ሲኖር ለራሱ ጥሩ ጠበቃ ይቆምለታል።

ለፈቃዱ የሚያውቁኝ ሁለት ሰዎች ምስክርነትና የባለቤቴ ፊርማ ያስፈልጋል። የፊርማውን ነገር ቀላል አድርጌ ነበር ያየሁት። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ እኔ ያልኩትን እምቢ ብሎ አያውቅም።

«እዚህ ጋ ሳይን አድርግልኝ» አልኩት።

«አልፈርምም።»

«ለምን?»

«አልፈልግም።»

«ካልፈረምክ እኮ እነሱ ራሳቸው ኮል ያደርጉልሃል።»

«ያድርጉ። ለእነሱም እምቢ እላለሁ።»

ይኸው ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ሱቁ እኮ የሚዘጋው በአንተ ምክንያት ነው አልኩት። ወንድነቱ ተነክቶበት ነው አልኩ በልቤ፤ እሱ ቤት ተቀምጦ ሚስቱ ሽጉጥ ስትይዝ ምን ይባላል ብሎ ነው። ምግቡን አቅርቤለት ወጥ ቤት ቆሜ ለብቻዬ እበላ ጀመር።

ለምስክርነቱ መጀመሪያ የደወልኩት በስደት ሱዳን ላይ አብራኝ ለነበረች ጓደኛዬ ነው። ፓርክዴል ነው የምትኖረው። ደግ ናት፤ ነገር ግን እሷ ጆሮ የገባ ወሬ ቅዳሴው ሳያልቅ ለምእመኑ ይዳረሳል። ስለዚህም የዝርፊያውን ነገር ደብቄያት ነበር፤ ሱቋ ተዘረፈ ከተባለ ማን ይመጣል?

«ለሽጉጥ ላይሰንስ ሪፈረንስ ሁኚኝ» አልኳት።

«የምን ሽጉጥ? ለምን?»

«ራሴን ለመከላከል።»

«ከማን?»

ሱቅ ውስጥ ሰው ነበር። «ከማንም!» አልኳት ቶሎ ልገላገላት ብዬ።

«እሱስ ምን ይላል?»

«ተዪው እሱን፤ ከተነጋገርን ሰነበትን።»

«አይዞሽ የኔ እናት፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እኔም የምን አይዞሽ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከጎናቸው ባልና ሚስት በተጣላ ቁጥር የሚጠሩት ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ጓደኛዬ ነጠላዋን ተከናንባ። ቄስ፣ ሽማግሌና የልብ ወዳጅ አንድ ላይ ሳይጠሩ ከመጡ መርዶ ነው።

«ማን ሞተብኝ?» ብዬ በሩን ያዝኩ።

«ማንም አልሞተም፤ እንዳይሞትም ነው የመጣነው» አሉ ሽማግሌው፣ ጫማቸውን እያወለቁ።

ገብተው ተቀመጡ። ባለቤቴ ደንግጦ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። የነፍስ አባታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዱ ሰው ናቸው፤ ድካማቸው ከዓይናቸው ይታያል፤ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። ንግግሩን የያዙት ሽማግሌው ናቸው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ብለው ጀመሩ፤ ስለ ትዕግሥት አወሩ፤ ሥራ መፍታት ሰውን እንደሚያበሳጭ እንደሚገባቸው ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «ነገር ግን እጅ ማንሣት ነውር ነው። እዚህ አገር ደግሞ ከነውርም በላይ ነው» አሉት።

«እኔ?» አለ ባለቤቴ። «እኔ ነኝ የመታኋት?»

«ኧረ ጋሼ!» ብዬ ተነሣሁ። «ምን ነካዎት? እሱ እኮ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም!»

«ታዲያ ከማን ነው የምትከላከይው?» አለች ጓደኛዬ እንባዋ እየወረደ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት፤ ሌባውን፣ ሽጉጡን፣ ዊጉን። ሂውማን ሄሩ ጋ ስደርስ የነፍስ አባታችን በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጓደኛዬ እያለቀሰች ሳቀች። ባለቤቴም ሳቀ፤ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜው ነበር። ነገሩ በዚሁ የሚያልቅ መስሎኝ ምሳ ላቀርብ ስል፣ የነፍስ አባታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ጠቡ ከሌባ ጋር ከሆነ፣ አንተ ለምንድን ነው ፊርማውን እምቢ ያልካት?»

ባለቤቴ ሳቁ ጠፋ።

«አባ፣ እሷ ሱቅ ስትሄድ ቤት የምቀረው እኔ ነኝ» አለ።

«እንዲያውም!» አሉ ሽማግሌው፣ «አንተ ቤት ከዋልክማ መሣሪያው ጠባቂ አለው ማለት ነው…» የነፍስ አባታችን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው።

«ለእሷ አልሰጋም» አለ ባለቤቴ፤ ወደ ምንጣፉ ነው የሚያወራው። «ራሴን አላምነውም። ቁልፉን ብትደብቀውም ፈልጌ አገኘዋለሁ። ስለዚህ አልፈርምም። ሌላ ነገር የለኝም።»

የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ ድምፁም ከፍ አላለም።

በቀደመው ወር የባንኩንና የመብራቱን አከፋፈል አንድ በአንድ አስተምሮኝ ነበር። ደህናውን ካፖርቱን ለጎረቤት ሰጥቶት ነበር። እኔ ደግሞ፣ ተመስገን፣ መንቀሳቀስ ጀመረ ብዬ ለልጃችን ነግሬያታለሁ። ሌባው ሽጉጥ ሲደግንብኝ እንኳ የዚያን ሰዓት ያህል አልፈራሁም። ያን ቀን እውነተኛ ፍርሃት ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ የምፈራው ደግሞ በዓይኔ ሥር ተቀምጦ የከረመውን ነገር ነበር።

የነፍስ አባታችን ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቡ ተቀመጡና ጉልበቱን ያዙ። «ይህን በመናገርህ ዛሬ ትልቅ ሥራ ሠራህ» አሉት። «ጸሎቱም ጸበሉም አለ፤ መጀመሪያ ግን ሐኪም ነው። ነገ ጠዋት ለአለቃዬ ኮል አድርጌ ከሥራ እቀራለሁ፤ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ድረስ ብቻህን አትሆንም። ሰማኸኝ?»

«እሺ አባ» አለ።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ለጠብ ተዘጋጅተው መጥተው ጠብ አላገኙም። የሚያውቁት መጨረሻ ግን አንድ ስለሆነ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በሉ ተነሡ፤ ተሳሳሙ» አሉን። ማንም አልሳቀም። ተነሥተን በሽማግሌ ፊት ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። ጢሙ አድጎ ነበር፤ ወጋኝ። ቶሎ አልለቀቅሁትም።

ምሳ በልተው ሲሄዱ ጓደኛዬ በሩ ላይ አቅፋኝ «አጠፋሁ?» አለችኝ። «በፍጹም» አልኳት። የሽጉጡን ወረቀት ባለበት ትቼው ሰሃኖቹን ሰበሰብኩ፤ ከዚያ ሰሃኑን ተውኩትና ሄጄ ሶፋው ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማሽኑ ከመጣ ጥቂት ቆይቶ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ሥራ ነበረብሽ» አለኝ፤ ሊወቅሰኝ ብሎ አይደለም።

እጁን ያዝኩት።

«ነገ ከሐኪም ስትመለሱ ሱቅ ትመጣለህ» አልኩት። «ከነገ ወዲያም፣ በየቀኑም።»

«ሌባ ልጠብቅልሽ?»

«አይደለም» አልኩት። «እኔ አንተን ልጠብቅህ።»

ትንሽ አሰበበት።

«እሺ» አለኝ።